ዐለቱ ምን ይሸከማል? የተነቃይ መያዣ አወጣጥ ከደሴት ዳርቻ የኖራ ድንጋይ እስከ ወለጋ ግራናይት

መግቢያ

ዐለት መውጣት በአገራችን ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መልክ ይነሣል፤ አንድም እንደ ገዳማውያን ጽናት፣ አንድም እንደ ባሕር ማዶ ሰዎች ጨዋታ። በሁለቱ መካከል ያለው ጥያቄ፣ ማለትም አንድ ዐለት የአንድን ሰው ውድቀት ምን ያህል ሊሸከም ይችላል የሚለው፣ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ጥያቄው ለነቀምቴና ለአካባቢው ከተሞች ሩቅ አይደለም። የወለጋ ወጣት ኮረብታና ገደል አጥቶ አያውቅም፤ በአፋን ኦሮሞ «ካታ» የሚባለው ሰፊ ዐለትና «ሀላያ» የሚባለው ገደል የዕለት ቃላቱ ናቸው። ነገር ግን ይኸው ወጣት በስልኩ ከሚያያቸው የዐለት አወጣጥ ምስሎች ብዙዎቹ የተነሡት በሞቃታማ ደሴቶች ዳርቻ፣ ከሰማያዊ ባሕር በላይ በቆመ የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ምስሉ ዘዴውን ያሳያል፤ ዘዴው የተመሠረተበትን ድንጋይ ጠባይ ግን አያሳይም። የደሴቱን ዘዴ እንዳለ ወስዶ በሌላ ዐለት ላይ የሚሞክር ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የዘዴውን ምንነት፣ በውድቀት ጊዜ የሚፈጠረውን ኃይል፣ የደሴት ዳርቻ የኖራ ድንጋይን ጠባይ፣ በኢትዮጵያ ያለውን ጥንታዊ ልምድ፣ በመጨረሻም የወለጋን ዐለቶች በንጽጽር ይመለከታል።

የስያሜው ጉዳይ

«ትራዲሽናል ክላይምቢንግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ በቀጥታ «ባህላዊ ዐለት መውጣት» ተብሎ ቢተረጎም አንባቢውን ያሳስታል። ስያሜው የአንድን ሕዝብ ባህል ሳይሆን አንድን የአጠባበቅ ዘዴ ያመለክታል። በዘዴው መሠረት ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ይታሰራሉ። ፊተኛው እየወጣ በዐለቱ ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ተነቃይ መያዣዎችን ያስገባል፤ ገመዱንም በእነርሱ ላይ በተንጠለጠለ መቆለፊያ ቀለበት ያሳልፋል። ቢወድቅ ታች ያለው ባልደረባው ገመዱን ይይዛል፤ ክብደቱም በመጨረሻ ባስገባው መያዣ ላይ ያርፋል። ፊተኛው ከላይ ደርሶ ራሱን ካሰረ በኋላ ኋለኛው ከላይ በተወጠረ ገመድ እየተጠበቀ ይከተላል፤ መያዣዎቹንም አንድ በአንድ እየነቀለ ይሰበስባል። ሁለቱ ካለፉ በኋላ በዐለቱ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ሌላው ዘዴ ዐለቱን በመሰርሰሪያ በስቶ ቋሚ ቡሎን መትከል ሲሆን፣ ወጪው የሚጠበቀው ሌላ ሰው አስቀድሞ በተከለው ብረት ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው «የተነቃይ መያዣ አወጣጥ»፣ ሁለተኛው «የቋሚ ቡሎን አወጣጥ» ተብሏል።

«ባህላዊ» የሚለው ቅጽል የመጣው ሁለተኛው ዘዴ ከተስፋፋ በኋላ፣ የቀድሞውን ለመለየት ነው። ይሁን እንጂ የቀድሞው ራሱ ንጹሕ አልነበረም። ለብዙ ዐሠርት ዓመታት ወጪዎች በስንጥቅ ውስጥ የብረት ችንካር በመዶሻ ይመቱ ነበር፤ ችንካሩ በተመታና በተነቀለ ቁጥር ስንጥቁ እየሰፋ ዐለቱ ይጎዳል። በአሜሪካ የዮሰሚቲ ሸለቆ ጉዳቱ ጎልቶ ስለታየ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ኢቮን ሹናርድ በእጅ ብቻ የሚገቡና የሚወጡ መያዣዎችን የሚያስተዋውቅ የዕቃ ዝርዝር አወጣ። ሹናርድ ራሱ ችንካር ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ስለነበር ለውጡ በገዛ ገበያው ላይ የተወሰደ ርምጃ ነበር። በብሪታንያ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ወጪዎች የማሽን ዳዶ በገመድ እያሰሩ በስንጥቅ ውስጥ ይወትፉ ነበር። ዛሬም መሣሪያው በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚያው በዳዶ ስም ነው፤ የነቀምቴ ጋራዥ ሠራተኛ ይህን ስም ከማናችንም ቀድሞ ይረዳዋል። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ሬይ ጃርዲን በምንጭ ብረት የሚከፈትና የሚዘጋ ባለ ጥምዝ ጥርስ መያዣ ፈለሰፈ። «ካም» የሚባለው ይህ ነው።

በውድቀት ጊዜ የሚፈጠረው ኃይል

ብዙ ጀማሪዎች አደጋውን የሚለኩት በውድቀቱ ርዝመት ነው። ልኩ ግን ሌላ ነው። ገመዱ እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ የውድቀቱን ጉልበት ስለሚውጥ፣ ወሳኙ ነገር የውድቀቱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን ይህን ጉልበት የሚውጠው ገመድ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። የወደቀው ርቀት ከጠባቂው እስከ ወጪው ለተዘረጋው ገመድ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር «የውድቀት ምጥጥን» ይባላል። በተለመደው ሁኔታ ከ0 እስከ 2 ይደርሳል።

አንድ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወጪ 20 ሜትር ገመድ ዘርግቶ፣ መጨረሻ ካስገባው መያዣ 5 ሜትር በላይ ሳለ ወደቀ እንበል። የሚወድቀው 10 ሜትር ነው፤ ምጥጥኑም 0.5 ይሆናል። ሌላው 4 ሜትር ገመድ ብቻ ዘርግቶ ከመያዣው 1 ሜትር በላይ ሳለ ቢወድቅ፣ የሚወድቀው 2 ሜትር ሲሆን ምጥጥኑ ያው 0.5 ነው። ገመዱን እንደ ቀላል ምንጭ ወስደን፣ ጥንካሬውን ለምሳሌ 20 ኪሎ ኒውተን ብናደርገው፣ በሁለቱም ውድቀቶች ወጪው ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ኃይል 4.8 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። ይህም የክብደቱን ስድስት እጥፍ ያህላል። ምንም መያዣ ሳያስገባ ከጠባቂው በላይ ወጥቶ ጠባቂውን አልፎ ቢወድቅ ምጥጥኑ 2 ስለሚሆን ኃይሉ ወደ 8.7 ኪሎ ኒውተን ያድጋል። እርግጥ ባለ 4 ሜትሩ ውድቀት ሌላ አደጋ አለው፤ የገመዱ መለጠጥ ሲታከልበት መሬቱ ቅርብ ነው።

ኃይሉ በወጪው ላይ ብቻ አይቆምም። ገመዱ በመያዣው ላይ ታጥፎ ስለሚያልፍ መያዣውን ከሁለት ወገን ይጎትተዋል፤ በቀለበቱ ላይ ያለው ሰበቃ ከጠባቂው ወገን ያለውን ጥቂት ቢቀንሰውም፣ በመያዣው ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ኃይል በወጪው ላይ ካረፈው 1.6 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ 4.8 ኪሎ ኒውተን የተባለው ውድቀት መያዣውን በ7.7 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይጎትተዋል። ትልልቅ ዳዶዎች ይህን ይችላሉ፤ የጣት ጫፍ የሚያህሉት ትንንሾቹ አይችሉም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ብረቱና ስለ ገመዱ ነው። ካም ሲሆን ግን ጥያቄው ወደ ዐለቱ ይዞራል። ካም የሚይዘው ወደ ታች ሲጎተት ጥርሶቹን ወደ ጎን በመግፋት ነው። የጥምዙ ማዕዘን በተለምዶ 14 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ የስንጥቁ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከመጎተቻው ኃይል ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። 7.7 ኪሎ ኒውተን ሲጎትት ግድግዳዎቹ እያንዳንዳቸው ከ15 ኪሎ ኒውተን በላይ ይገፋሉ፤ ይህ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነገር በጥቂት ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ እንደ መጫን ነው። ከስንጥቁ አንዱ ወገን ከዋናው ዐለት የተላቀቀ ገጽ ከሆነ ካሙ ገጹን እንደ ክሮባር ፈንቅሎ በወጪው ላይ ይጥለዋል። አምራቹ በብረቱ ላይ የቀረጸው የጥንካሬ ቁጥር ስለ ዐለቱ የሚናገረው አንዳች የለም።

የጀርመን የኤልበ አሸዋ ድንጋይ ወጪዎች ይህን ቀድመው ስለተረዱ በአገራቸው ልማድ የብረት ዳዶና ካም ክልክል ናቸው፤ በስንጥቅ የሚገባው የተቋጠረ የገመድ ቀለበት ብቻ ነው። ዝናብ የመታው ዐለትም እስኪደርቅ አይነካም። ብረት ለስላሳውን ድንጋይ ይፈጨዋል፤ እርጥብ አሸዋ ድንጋይ ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል። ዘዴው ከድንጋዩ ጠባይ እንደተቀዳ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም።

የደሴት ዳርቻ የኖራ ድንጋይ

የኖራ ድንጋይ በዋነኛነት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከዐፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህም ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ሙቀት፣ ብዙ ዝናብና ወፍራም ዕፅዋት ባሉበት ሞቃታማ ደሴት ሂደቱ ሲከናወን ዐለቱ በቀዳዳዎች፣ በዋሻዎችና ከላይ እንደ ሻማ ቀልጠው በተንጠለጠሉ የካልሳይት ዓምዶች ይሞላል። ከሥር ደግሞ ሞገድና የባሕር ፍጥረታት እግሩን ስለሚበሉት ገደሉ ወደ ባሕሩ ያጋድላል። በታይላንድ ደቡብ፣ በቬትናም የካት ባ ደሴትና በካሪቢያን የኬይማን ብራክ ደሴት ወጪዎችን የሳበው ይህ ቅርጽ ነው።

ለተነቃይ መያዣ ይህ ዐለት ሁለት ገጽታ አለው። ትይዩ ግድግዳ ያለው ረጅም ስንጥቅ ጥቂት ነው፤ የሚገኘውም ውስጡ በውኃ ስለለሰለሰ ካም ሊያንሸራትት ይችላል። በአንጻሩ ሁለት ቀዳዳዎች ከውስጥ ተገናኝተው በመካከላቸው የድንጋይ ድልድይ ሲተዉ፣ ወጪው በድልድዩ ዙሪያ ጠፍር አሳልፎ ያስራል። ይህ ብረት የማይፈልግ፣ ሲጎተት ወደ ጎን የማይገፋ መያዣ ነው፤ ድልድዩ ከክንድ ከወፈረና ሲመታ ጥብቅ ድምፅ ከሰጠ ከብዙ ብረት ይበልጣል። የተንጠለጠለው ዓምድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከላይ ብቻ የተያዘ፣ አንዳንዴም ውስጡ ባዶ ስለሆነ ውበቱ እንጂ ጥንካሬው አይታመንም።

የዳርቻው ዐለት ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከቋሚ ቡሎኖች ነው። በታይላንድና በኬይማን ብራክ የማይዝግ ከሚባለው ብረት የተሠሩ ቡሎኖች ተተክለው ሳለ፣ ከውጭ ሲታዩ ደህና የሚመስሉት በትንሽ ኃይል መሰበር ጀመሩ። ምክንያቱ በሥነ ብረታ ብረት «የውጥረት ዝገት ስንጠቃ» የሚባለው ነው። ከባሕር ጨው የሚመጣው ክሎራይድ፣ የማያቋርጥ ሙቀትና እርጥበት፣ እንዲሁም በብረቱ ውስጥ ያለው ውጥረት ሲገናኙ ዐይን የማያያቸው ስንጥቆች በብረቱ ውስጥ ይሰራጫሉ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ብረቱን በታይታኒየም መተካት ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ወጪው በገዛ እጁ ያስገባውንና በዐይኑ ያየውን መያዣ መምረጡ የጀብደኝነት ጉዳይ አይደለም። በድልድይ ላይ ታስሮ የቀረ የቆየ ጠፍርም በተመሳሳይ ዐይን መታየት አለበት፤ ናይሎን በፀሐይ ብርሃን ይሞታል።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ የኖራ ድንጋይ ግን አላት፤ እርሱም ከባሕር የመጣ ነው። በጁራሲክ ዘመን ባሕር የአገሪቱን ሰፊ ክፍል ሸፍኖ የተወው ደለል ዛሬ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወርደው የዓባይ በረሃ ግድግዳ፣ በመቀሌ ዙሪያና በባሌ ይታያል። የወይብ ወንዝ የቦረቦረው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው በዚሁ ዐይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። ሆኖም በዓባይ በረሃ ግድግዳ የኖራ ድንጋዩ ከጭቃ ድንጋይና ከሌሎች ለስላሳ ንጣፎች ጋር እየተፈራረቀ የተነባበረ ስለሆነ የደሴቱ ዐይነት ወፍራም ድልድይ ሁልጊዜ የሚጠበቅበት አይደለም። አንድ ዐይነት ስም ያለው ድንጋይ እንኳ አንድ ዐይነት ዘዴ አይፈቅድም ማለት ነው።

ደብረ ዳሞና ጉህ

በኢትዮጵያ ገመድ ይዞ ዐለት መውጣት ከየትኛውም የአውሮፓ ማኅበር በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ ይተረካል። አባታችንን ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸው ትውፊቱ ይናገራል፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ወንድ ሁሉ ግን (ሴቶች ወደ ገዳሙ አይወጡም) 15 ሜትር ያህል የሆነውን ቀጥ ያለ ገደል የሚወጣው በተጎነጎነ የቆዳ ገመድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ገመዱ ሁለት መሆኑ ነው። አንዱን ወጪው በእጁ ይዞ ይወጣበታል፤ ሁለተኛው ወገቡ ላይ ታስሮ ከላይ ባለ መነኩሴ ይጎተታል።

ይህን ሁለተኛ ገመድ ከላይ በተሰጠው ስሌት ብንመለከተው የሥርዓቱ ጥበብ ይገለጣል። ገመዱ ከላይ ስለሚይዝና ሳይረግብ ስለሚሰበሰብ የውድቀቱ ምጥጥን ወደ ዜሮ ይቀርባል። በምንጭ ስሌት ምጥጥኑ ዜሮ ሲሆን ከፍተኛው ኃይል የክብደቱ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፤ ለ80 ኪሎ ግራም ሰው 1.6 ኪሎ ኒውተን ያህል። የቆዳ ገመድ እንደ ናይሎን አይለጠጥም፤ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ለፊተኛ ወጪ ቢውል አንዱን ረጅም ውድቀት የሚችለው አይመስለኝም። ከላይ ተወጥሮ ሲያዝ ግን ከአቅሙ በላይ አይጠየቅም። መነኮሳቱ ደካማውን ዕቃ በጠንካራ ሥርዓት አገዙት ለማለት ይቻላል፤ ሙሉ ደኅንነቱም የተንጠለጠለው ላይ ያለው አባት ገመዱን ባለማርገቡ ላይ ነው።

በገርዓልታ ያለው የአቡነ ይምዓታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ጠባይ አለው። እዚያ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ የብዙ ትውልድ እጅና እግር ባለሰለሳቸው ጎድጓዶች እየተያዙ ይወጣሉ፤ እናቶችም ሕፃናትን ለክርስትና አዝለው ይሄዳሉ። ደኅንነቱ ያለው የት እንደሚረገጥ በሚያሳየው የአካባቢው ሰው እውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ትግራይ የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» የሚል መጽሐፍ ያወጣችው አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት ከሴት ባልደረቦቿ ጋር ተነቃይ መያዣ ይዛ የወጣችው በዚሁ አገር ነው። ሁለቱ ዐይነት ወጪዎች በአንድ ድንጋይ ላይ መገናኘታቸው ዘዴው ለአገሩ ፈጽሞ ባዕድ እንዳልሆነ ያሳያል፤ አንዳቸው ግን የሌላውን ሥራ ይተካሉ ማለት አይደለም።

የወለጋ ዐለቶች

ወለጋ የቆመችው በአብዛኛው ከካምብሪያን በፊት በነበሩ ጥንታዊ ዐለቶች፣ በግራናይትና በናይስ ላይ ነው፤ በከፍታዎቹ ላይ ከብዙ ዘመን በኋላ የፈሰሰ ባዛልት ተደርቦበታል። በሆሮ ጉዱሩ በኩል ወደ ፊንጫ ሸለቆ የሚወርደው ቁልቁለት ባዛልቱንም ከሥሩ ያለውን አሸዋ ድንጋይም ያሳያል። የደሴቱን ድንጋይ የሚመስል ዘመድ የሚፈልግ ሰው ከመንዲ ባሻገር በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወደሚቆረጠው የዳለቲ እብነ በረድ መሄድ አለበት፤ እርሱም በሙቀትና በግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ላለው ሰው ግን ጉዳዩ የግራናይትና የባዛልት ጉዳይ ነው።

ግራናይት በውኃ አይሟሟም፤ ድልድይም አይሠራም። ጠንካራ ሲሆን ከሁሉ የተሻለ የመያዣ ድንጋይ ነው፤ ስንጥቁ ረጅምና ትይዩ፣ ግድግዳው ሸካራ ስለሆነ ካም በደንብ ይነክሳል። የዮሰሚቲ ዝና የመጣው ከዚሁ ነው። የወለጋን ግራናይት ከዮሰሚቲ የሚለየው አየሩ ነው። በዓመት በብዙ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንበው ዝናብና ሙቀቱ ተባብረው በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ፌልድስፓር ወደ ሸክላ ዐፈር ይለውጡታል፤ አገሩን ሁሉ ያቀላው ዐፈር የዚሁ ሂደት ልጅ ነው። ከዐፈር ብቅ ያለ ክብ ዐለት ውስጡ ጤናማ ሆኖ ገጹ በጣት የሚፈረፈር ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ግራናይት እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይላጣል። ከንብርብሩ በታች ያለው ክፍተት ለዐይን ጥሩ ስንጥቅ ይመስላል፤ ካም የሚገባበት ግን ከዋናው ዐለት የተላቀቀ ገጽ ነው፤ ከላይ የተሰላው የ15 ኪሎ ኒውተን ግፊት የሚፈነቅለውም ይህንኑ ነው። በመዳፍ ወይም በትንሽ ድንጋይ ሲመታ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ መተው ነው። በደሴቱ ያለው ወጪ ድልድዩን የሚያዳምጠው በዚሁ ዘዴ ስለሆነ ከዳርቻው ወደ ወለጋ ሳይለወጥ ሊሻገር የሚችለው ይህ የማዳመጥ ልማድ ይመስለኛል።

ባዛልት በቀዘቀዘ ጊዜ ተኮማትሮ ስለሚሰነጠቅ ዓምዶች ይፈጥራል። በዓምዶቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ቀጥ ያለና ለዳዶ የተመቸ ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ዓምድ ከጎረቤቱ ጋር አለመያያዙ ነው፤ በመካከላቸው ሥር የሰደደ ዛፍና ውኃ ካለ ዓምዱ ቆሞ የሚጠብቀው የሚገፋውን ብቻ ነው። ካም ደግሞ የሚሠራው በመግፋት ነው። ስለዚህ በባዛልት ላይ ዳዶ ከካም ይመረጣል፤ ዓምዱ ጠባብና ብቻውን የቆመ ከሆነ ግን ሁለቱም አይመረጡም።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ መነሣቱ ተገቢ ነው። ወለጋ ከባሕር ሩቅ ስለሆነች የክሎራይድ ዝገት አያሰጋትም፤ ታዲያ ቋሚ ቡሎን ተክሎ ነገሩን ለምን አናቀልም? የዝገቱ መከራከሪያ ለወለጋ በደሴቱ ልክ እንደማይሠራ መቀበል አለብኝ። በጤናማ ግራናይት ላይ በትክክል የተተከለ ቡሎን ረጅም ዘመን ይቆያል። ነገር ግን በላዩ በተበላ ግራናይት ላይ ቡሎኑ ጤናማውን ክፍል መድረሱን ከውጭ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ከተተከለም በኋላ በየጊዜው የሚመረምረው አካል ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ አካል ሳይቋቋም ብረቱን ማስቀደም ለማያውቁት ሰዎች ያልተጻፈ ዋስትና መስጠት ነው።

በእኔ አስተያየት ለወለጋ መነሻ መሆን ያለበት የደሴቱ ወይም የዮሰሚቲው ፊተኛ ወጪ አይደለም፤ የደብረ ዳሞ ሁለተኛ ገመድ ነው። ከኮረብታው ጀርባ በእግር ወደ ጫፉ የሚደረስበት፣ ከላይ ጤናማ ዛፍ ወይም ከዋናው ዐለት ያልተለየ ድንጋይ ያለበት ቦታ ተመርጦ፣ ቢያንስ በሁለት ነጻ ማሰሪያዎች ገመድ ከላይ ቢዘረጋ፣ ተማሪው የሚወድቀው የገመዱን መለጠጥ ያህል ብቻ ነው። ጠባቂው ከታች ከሆነ የላይኛው ማሰሪያ ከሁለት ወገን ስለሚጎተት በላዩ የሚያርፈው ኃይል ከፍ ይላል፤ እንደዚያም ሆኖ ከፊተኛ ወጪ ውድቀት በብዙ ያንሳል። ገመዱ ግን ለዐለት መውጣት የተሠራ መሆን አለበት፤ ከገበያ የሚገዛው የጭነት ገመድ ለዚህ አይሆንም። ዳዶና ካም ማስገባት በዚሁ ጊዜ ይለመዳል፤ ተማሪው ከላይ እየተጠበቀ መያዣ ያስገባል፤ መምህሩም ተከትሎ ጎትቶ ይፈትነዋል። የተሳሳተ መያዣ ዋጋ የሚያስከፍለው ነቀፋ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ በአካባቢው ያለ እውቀት አለ። በወለጋ ንብ አናቢዎች «ጋጉራ» የተባለውን ባህላዊ ቀፎ በረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፤ ቀፎውን በገመድ ስቦ ማውጣት፣ የቅርንጫፉን ጤንነት መለየት፣ ብዙ ጊዜም በጨለማ ወጥቶ ማር ቆርጦ መውረድ የሥራቸው አካል ነው። ዛፍ ዐለት አይደለም። ሆኖም የላይኛው ማሰሪያ ዛፍ በሚሆንበት ቦታ የትኛው ግንድ ውስጡ እንደበሰበሰ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።

የነፍስ አድን ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መወሰን አለበት። በነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ፤ ጊምቢና ደምቢ ዶሎም ሆስፒታል አላቸው። ከገደል ሥር እስከ መኪና መንገድ ያለው ርቀት ግን በሰው ትከሻ የሚሸፈን ነው። በመታጠቂያ ላይ ራሱን ስቶ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ መውረድ ስላለበት፣ ከከተማ የሚጠራ ርዳታ ለዚህ አይደርስም፤ ማውረዱ የቡድኑ የራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ከቃሬዛ ጋር ለመንገዱ የሚበቃ ሰው ያልያዘ ቡድን ባይወጣ ይሻላል።

ወቅቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል። በክረምት ግራናይቱ እንደ አሸዋ ድንጋይ ጥንካሬውን ባያጣም፣ በላዩ ያለው ሽበትና ሻጋታ ሲርስ እግር አይቆምበትም፤ የላይኛው ዐፈርም ድንጋይ ይለቅቃል። ከደረቁ ጊዜ በኋላ፣ ወደ ዝናቡ መግቢያ፣ በኮረብታ ላይ የሚከበረው ኢሬቻ ቱሉ ይመጣል። ለመውጣት ያማረ ኮረብታ ለአካባቢው ሕዝብ የምስጋና ቦታ ሊሆን ስለሚችል፣ ከቀበሌው ፈቃድ በፊት የአገር ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ፤ እነርሱ «ይህ አይነካም» ያሉት ኮረብታ ስንጥቁ የቱንም ያህል ቢያምር ከዝርዝሩ ይወጣል።